የአያት ጠመንጃ ማግነም ጥይት ይችላል ወይ? ከውጅግራ እስከ ቤልጅግ

ባለፈው ጥቅምት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዘመዶቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረቡልኝ። አንደኛው ኮሎራዶ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ቢቸና በአያታችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየነውን ቤልጅግ (የቤልጅየም ሥራ የሆነ ማውዘር ጠመንጃ) የሚመስል የድሮ ማውዘር በርካሽ ገዝቷል፤ በርሜሉን አስቀይሮ 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ የአደን ጠመንጃ ሊያደርገው አስቧል። ሁለተኛው ያንኑ የአያታችንን ጠመንጃ ወርሰው የያዙት አጎቴ ናቸው። ማግነም የሚለውን ቃል የሰሙት ከዚሁ ልጅ ነው። «ይህ ብረት እንደሆነ ጠንካራ ነው፤ ከራሱ ጥይት የበረታ ቢጎርስ ምን ይሆናል?» አሉኝ በስልክ።

ወጣት ሳለሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ቶርኖ ሠርቻለሁ፤ በኋላም አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ በሚጠገንበት ቤት ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ይህንን የምጽፈው ለሁለቱ የሰጠሁትን መልስ ሌላም ሰው እንዲያገኘው ነው፤ በጎጃም የአያት ጠመንጃ የሌለበት ቤት ጥቂት ነውና። የተበላሸ መዝጊያ ደግሞ የሚመታው የተኳሹን ዓይንና ግንባር ነው። አገር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፦ በዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ መያዝም ማስጠገንም በፈቃድ ነው። በርሜል የመቀየር ሐሳብ ያለው ሰው ከብረቱ በፊት ወረቀቱን ይመልከት።

የቃላት ነገር እንዳያደናግረን ጥቂት ልግለጽ። መዝጊያ የምለው ጆሮውን ይዘን ወደፊት ገፍተን የምናጥፈውን ዘንግ ነው። በዘንጉ ጫፍ ግራና ቀኝ የወጡ እብጠቶች አሉ፤ ጥርስ እላቸዋለሁ። ጆሮው ሲታጠፍ ጥርሶቹ ላይና ታች ዞረው በመዝጊያው ቤት፣ ማለትም ዘንጉ በሚገባበት ብረት ውስጥ በተቆፈረላቸው መቀመጫ ገብተው ይቆለፋሉ። ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመጣውን ኃይል ሁሉ የሚሸከሙት እነዚህ ሁለት ጥርሶችና መቀመጫዎቻቸው ናቸው። ሰው ጠመንጃ ሲገዛ በርሜል አጮልቆ ያያል፤ እኔ በርሜሉን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

ሸክሙ ስንት ነው?

ማግነም ማለት በአጭሩ ሰፋ ባለ ቀለህ ብዙ ባሩድ የያዘ ጥይት ነው። ስመ ጥሩ 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው (ከዚህ ወዲያ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፤ 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም በ1962፣ 300 ዊንቸስተር ማግነም በ1963 ተከተሉ። የማውዘር 98 ስሙ እንደሚያመለክተው የ1898 ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚያነጻጽረው ግፊትን ብቻ ነው። በአውሮፓ መለኪያ ለቤልጅጉ ጥይት፣ ማለትም ለ7.92 በ57፣ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 3,900 ባር ነው። ለ300 ዊንቸስተር ማግነም 4,300 ባር ነው። ልዩነቱ አሥር በመቶ ብቻ ስለሚመስል የአክስቴ ልጅ «ይህችማ ምን አላት» ብሎኝ ነበር። የረሳው ግን ግፊቱ የሚያርፍበትን ስፋት ነው። የ7.92 ቀለህ ጀርባው አካባቢ 11.9 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል፤ የማግነሙ ከቀበቶው (በቀለሁ ግርጌ ዙሪያ ካለው ወፈር ያለ ቀለበት) ፊት 13 ሚሊሜትር ነው። ስፋቱን በግፊቱ አባዝታችሁ ስታዩት፣ ቀለሁ የበርሜሉን ግድግዳ ይዞ የሚቀንሰውን ሳናስብ፣ በመዝጊያው ፊት ላይ የሚያርፈው ኃይል ለ7.92 ወደ 44 ኩንታል፣ ለማግነሙ ወደ 58 ኩንታል ይደርሳል። አሥራ አራት ኩንታል ጤፍ በሁለት ጥርስ ላይ ተጨመረ ማለት ነው። ጥርሱ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም።

ይህን ስል የማውዘር 98 አሠራር ማግነም አይችልም ማለቴ አይደለም። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች 375ን በማውዘር ላይ ሠርተው ለአፍሪካ ትልልቅ አውሬ አደን ሸጠዋል፤ ዛሬም ድረስ የሚሠሩት አሉ። ልዩነቱ እነርሱ የተጠቀሙት ለዚያ ጥይት ታስቦ፣ ረዘም ብሎ፣ ብረቱ ተመርጦ የተሠራ መዝጊያ መሆኑ ነው። አንድ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ከመቶ ዓመት የዝናብ፣ የጭስና የእጅ ለእጅ ዝውውር በኋላ ከዚያ ጋር ወንድማማች ቢሆንም መንታ አይደለም።

ጠመንጃዎቹን ለየብቻ

ውጅግራን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ስሙ ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» የመጣ ሲሆን የ1874 ሥራ ነው። 11 ሚሊሜትር እርሳስ (ከበርሜሉ ተወርውሮ የሚወጣው የጥይቱ ራስ) ይተኩሳል፤ አንድ አንድ እየጎረሰ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ የሠራው በ1884 ነው፤ ስለዚህ ውጅግራ ከዘመናዊው ባሩድ በአሥር ዓመት ይበልጣል። ከፊት የሚቆልፍ ጥርስ የለውም፤ የሚይዘው የጆሮው ሥር ብቻ ነው። ለጥቁር ባሩድ ይህ በቂ ነበር። ቀለሁን በዘመናዊ ባሩድ ሞልቶ መተኮስ ግን፣ ማግነሙ ይቅርና፣ በትንሽ መጠንም ቢሆን በራስ ላይ መፍረድ ነው። በዓድዋ ዘመን እጅግ ያገለገለ ጠመንጃ ነው፤ በክብር ይሰቀል።

ምንሽር ስንል ብዙ ዓይነት ጠመንጃ በአንድ ስም እንጠራለን። ስሙ የኦስትሪያዊው የማንሊኸር ነው። በጎጃም ቤቶች የማገኘው ግን በአብዛኛው የጣሊያኑ የ1891 ካርካኖ ነው፤ 6.5 ሚሊሜትር፣ ስድስት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ የሚጎርስ። አርበኞች ከጠላት የማረኩት ይህንኑ ነው። ካርካኖ ከሚወራበት ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርስ አለው፣ የመዝጊያው ጆሮም ከድልድዩ (በመዝጊያው ቤት ኋላ ካለው የብረት ቅስት) ፊት ስለሚታጠፍ እንደ ተጨማሪ መያዣ ያገለግላል። ሆኖም ሁሉም ነገር የተለካው በዚያች አጭርና ለዘብተኛ ጥይት ነው። ማቀፊያው ሌላ ጥይት አይቀበልም፤ ርዝመቱም ለማግነም አይበቃም። እውነተኛው የኦስትሪያ የ1886 ማንሊኸር ደግሞ የሚቆለፈው ከመዝጊያው ሥር ባለ ሽብልቅ ነው፤ እርሱም መጀመሪያ የጥቁር ባሩድ ዘመን ልጅ ነው። ሁለቱም ከራሳቸው ጥይት ውጭ ምንም አይጉረሱ።

የእንግሊዙን ሊ ኤንፊልድ የያዛችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥርሶቹ የሚቆለፉት ከኋላ ነው። ስለዚህ ሲተኮስ የመዝጊያው ዘንግ በሙሉ ርዝመቱ በጥቂቱ ይታመቃል፤ ቀለሁም ያንኑ ያህል ይለጠጣል። ለራሱ 303 ጥይት ይህ ችግር አይደለም፤ ለማግነም ግን የሚሆን ነገር የለውም።

አሁን ወደ ማውዘሩ። በጎጃም ቤልጅግ የሚባለው በቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራው ማውዘር ነው፤ የይሁዳ አንበሳ ምልክት የታተመበትን ያየ ሰው አይረሳውም። ይህ የ98 ቤተሰብ ነው። ችግሩ ማውዘር የሚል ስም ያለው ሁሉ 98 አለመሆኑ ነው። የ1889፣ የ1893፣ የ1895 እና የ1896 ማውዘሮች ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። የምለይበትን ዘዴ ልንገራችሁ፤ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለቴ ካያችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ። ጆሮውን ወደ ላይ አንሡ። ሲነሣ ከበድ ብሎ ስፕሪንጉ ሲወጠር ከተሰማችሁ 98 ነው። ሲነሣ ቀሎ፣ ወደፊት ገፍታችሁ ልትዘጉት ስትሉ በመጨረሻው ላይ ወደ ኋላ የሚገፋችሁ ከሆነ ከ98 በፊት ያለ ነው። ከዚያ መዝጊያውን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ 98 ከሁለቱ የፊት ጥርሶች ሌላ ከኋላ ሦስተኛ ጥርስ አለው።

ይህ ሦስተኛ ጥርስ በደኅናው ቀን ምንም አይሸከምም፤ ሁለቱ ቢሰበሩ መዝጊያው ወደ ግንባር እንዳይመጣ የተቀመጠ ዘብ ነው። ከዚህም በላይ የምወደው ነገር አለ። በመዝጊያው ዘንግ ላይ ሁለት ረዘም ያሉ ቀዳዳዎች ተከፍተዋል፤ በመዝጊያው ጀርባም ሰፊ ከንፈር ያለው ክዳን አለ። ቀለህ ሲቀደድ፣ ወይም በመሐሉ ያለችው ክብ መለኮሻ ስትበሳ፣ የሚያመልጠው ጋዝ በመርፌው (መለኮሻዋን በሚመታው ቀጭን ዘንግ) መንገድ ወደ ኋላ ይሮጣል። በ98 ላይ ቀዳዳዎቹ ጋዙን ወደ ግራና ወደ ታች ያስወጡታል፤ የተረፈውን ከንፈሩ ከዓይን ያዞረዋል። የቀድሞዎቹ ማውዘሮች ይህ ጥበቃ በሙሉ የላቸውም።

እዚህ ላይ ነው የኔ ሐሳብ ከብዙ ጠመንጃ ወዳጆች የሚለየው። «ስንት ግፊት ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሙሉው ጥያቄ «የማይችለው ነገር የገጠመው ቀን ጋዙ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ነው። የድሮ ቀለህ ይቀደዳል፤ አንድ ቀን መቀደዱ አይቀርም። የ1893ቱ ማውዘር በጥሩ ጥይት ለዓመታት ሲያገለግል ኖሮ፣ በአንድ መጥፎ ቀለህ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከ98 በፊት ያሉትን፣ ብረታቸው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለማግነም ከቁጥር አላስገባቸውም።

አሜሪካ ላላችሁ ስለ ስፕሪንግፊልድ 1903 ጥቂት ልበል። አሠራሩ ከማውዘር የተወረሰ ነው፤ ሆኖም በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከተሠሩት ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት፣ በሮክ አይላንድ ከተሠሩት ደግሞ ከ285,507 በታች የሆኑት አይተኮስባቸው ይባላል። ምክንያቱን የኛ አገር ባለ እጅ ወዲያው ይገባዋል። ሠራተኞቹ የብረቱን ሙቀት የሚለዩት በዓይን ነበር። ፀሐይ በደመቀበት ቀን የጋለው ብረት ቀለም ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ ጨምረው ያግሉታል፤ ብረቱ ይቃጠላል። የተቃጠለ ብረት እንደ መጥፎ ማረሻ ነው፤ አይታጠፍም፣ ድንጋይ ሲነካው እንደ ሸክላ ይሰበራል። ይህንን ያወቁት ጠመንጃዎች ከፈነዱ በኋላ ነው፤ በሙቀት መለኪያ መሥራት የጀመሩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በእጅ ያለው ጠመንጃ ምን አይቷል?

ሞዴሉ 98 ሆነ እንበል። አሁን የሚመረመረው በእጃችሁ ያለው አንዱ ጠመንጃ ነው። የማውዘር ብረት ውስጡ ለስላሳ፣ ላዩ በካርቦን የጠነከረ ነው፤ እንደ ዳቦ ቅርፊት ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ቅርፊቱ ስስ ከሆነ ወይም ከለሰለሰ፣ ጥርሱ በየተኩሱ መቀመጫውን በጥቂቱ እየደቆሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዓይን አይታይም።

የአጎቴን ጠመንጃ በታኅሣሥ ቢቸና ሄጄ አየሁት። በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር፤ የቅቤና የጭስ ሽታ አለው። በመጀመሪያ ቁጥሮቹን አየሁ፤ በመዝጊያውና በቤቱ ላይ የታተሙት ተመሳሳይ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ መዝጊያ ጥርሱ በሌላ መቀመጫ የተሞረደ ስለሆነ፣ በጥይቱ ጀርባና በመዝጊያው ፊት መካከል ያለው ክፍተት የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ያ ክፍተት ምን ያህል ጥቃቅን ነገር እንደሆነ ለማወቅ፣ 30-06 ለሚባለው የአሜሪካ ጥይት በደኅናው መለኪያና «ከዚህ በኋላ አትተኩስ» በሚለው የመጨረሻ መለኪያ መካከል ያለው ልዩነት ሩብ ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ቀጥሎ መርፌውንና ስፕሪንጉን ከመዝጊያው አወጣሁና ባዶውን ዘንግ አስገብቼ ዘጋሁት። ስፕሪንግ የሌለበት መዝጊያ ጆሮው በአንድ ጣት መነሣት አለበት። የአጎቴ ግን መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ በትንሹ «ቀጭ» ብሎ ተነሣ። ደገምሁት፣ ያው ነው። የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበት ዓይነት ጫፉ የታጠፈ ቀጭን መርፌ ይዤ ስለነበር በቤቱ ውስጥ አስገብቼ የታችኛውን ጥርስ መቀመጫ ዳሰስሁ። ወለሉ ልሙጥ መሆን ነበረበት። መርፌዬ ሄዶ ሄዶ በአንድ ጠርዝ ላይ ቆመ። ጥርሱ ብረቱን ደቁሶ ለራሱ ጎድጓዳ አልጋ ሠርቷል።

«ሰደፉ የምን እንጨት ነው?» አልኋቸው፤ ቀለሙ የፋብሪካ አልመሰለኝም።

«ዋንዛ ነው። በጠላት ጊዜ ቤታችን ሲቃጠል ጠመንጃው ከአመድ ነው የወጣው አሉ። አባባ ሰደፉን አሠርተው በዚያው ተዋጉበት።»

ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። የሣር ክዳን ቤት ሲነድ ውስጡ ያለ ብረት በእሳት ቀልቶ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ማረሻን ለማለስለስ የሚደረገው ይኸው ነው። ቅርፊቱ ለሰለሰ። በጎጃም ይህ ታሪክ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ የማንንም የአያት ጠመንጃ ስመረምር ቤት ተቃጥሎ ያውቃል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ኋላ የገባ ሰደፍም ያጠራጥረኛል። የመዝጊያውን ጆሮ በከሰል እሳት አግሎ ያጠፈ ሰው ካለም እንደዚያው ነው፤ ሙቀቱ ከጆሮው ወደ ዘንጉ ይሄዳል።

አጎቴ የመለሱልኝን ሁሉም ሰው ይመልሰዋል፦ «ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተተኩሶበታል እኮ፤ መች ፈነዳ?» እውነታቸውን ነው። የለሰለሰ ብረት እንደ ተቃጠለው ስፕሪንግፊልድ በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ ቀስ እያለ ይሸሻል። በሸሸ ቁጥር ከቀለሁ ኋላ ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ቀለሁ ይለጠጣል። ማስረጃውን እርሳቸው ራሳቸው አስቀምጠውት ነበር፤ የድሮ የተተኮሱ ቀለሆች በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነበሩ። አንዱን አንሥቼ ከጀርባው ወደ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ሄድሁ፤ ዙሪያውን የምታብለጨልጭ ቀጭን መስመር አለች። ጫፉ የታጠፈ ሽቦ በቀለሁ አፍ አስገብቼ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ስጎትተው በዚያችው መስመር ላይ ቆንጠጥ አደረገው። ናሱ ከውስጥ ሳስቷል። ሁለት ተኩስ ወይም አሥር ተኩስ ይቀረው ይሆናል፤ ከዚያ በዚያች መስመር ይቆረጣል። ሽቦውን ለአጎቴ ሰጠኋቸውና በገዛ እጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩኝም።

ከጠመንጃው እኩል ጥይቱም ይታይ። ከምድጃ በላይ ለዓመታት የተሰቀለ ዝናር ውስጥ ያለ ጥይት ሙቀትና ጭስ ሲፈራረቁበት ባሩዱ ይበላሻል። ተስቦ ሳይተኮስ ከቀረም መዝጊያውን ቶሎ መክፈት ክልክል ነው፤ አፈሙዙን ወደ ባዶ መሬት አድርጎ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለና።

እንግዲህ የቱ ይመረጥ?

ጤነኛ 98 ለያዘ ሰው ሦስት መንገድ አለ።

ማግነሙን የመረጠ ሰው በርሜል ብቻ አይቀይርም። የ7.92 ቀለህ ጀርባ 12 ሚሊሜትር ሲሆን የማግነሙ 13.5 ነው፤ ስለዚህ የመዝጊያው ፊት ይሰፋል፤ ማለትም ቀለሁን ከቦ ከሚጠብቀው ብረት ይቀነሳል። የቀለህ ማውጫውም ይሞረዳል። የጥይቱ ማስቀመጫ ይሰፋል። እንደ 375 ያለ 91 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጥይት ከሆነማ፣ ለ82 ሚሊሜትር ጥይት የተሠራውን ቤት ለማስረዘም ጥይቱ የሚንሸራተትበት መወጣጫ ይቆረጣል፤ ያ መወጣጫ ደግሞ የታችኛው ጥርስ መቀመጫ ከኋላው የሚደገፍበት ብረት ነው። ሸክም ጨምሮ ምሰሶ መቁረጥ በሉት። 300 ዊንቸስተር ማግነም 85 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሆኖም ብረቱ በጥንካሬ መለኪያ ማሽን ተለክቶ፣ ስንጥቅ እንደሌለው በማግኔት ምርመራ ታይቶ፣ በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ካልሆነ አልመክርም። ይህ ሁሉ ሲደመር ወጪው ለማግነም ተብሎ በፋብሪካ ከተሠራ አዲስ ጠመንጃ ዋጋ በቀላሉ ያልፋል። ማግነም የግድ ለሚያስፈልገው ሰው አዲሱን መግዛት ይሻለዋል።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኔ ግን ከልቤ የምወደው ነው። በ1905 ኦቶ ቦክ የተባለ ጀርመናዊ ጠመንጃ ሠሪ 9.3 በ62 የሚባል ጥይት አወጣ፤ በአፍሪካ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ተራው ማውዘር 98 ትልቅ አውሬ እንዲጥል ታስቦ። የቀለሁ ጀርባ ከ7.92 ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የመዝጊያው ፊት አይነካም። የተፈቀደው ግፊት ያው 3,900 ባር ነው። 18.5 ግራም እርሳስ በሰከንድ 720 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ጉልበቱ 4,800 ጁል ይጠጋል። 300 ዊንቸስተር ማግነም በ11.7 ግራም እርሳሱ የሚሰጠው ከዚህ እምብዛም አይርቅም። በመዝጊያው ላይ የሚያርፈው ሸክም ግን 46 ኩንታል ገደማ ነው፤ ከማግነሙ በአሥራ ሁለት ኩንታል ያንሳል። ጉልበቱ የመጣው ቀዳዳው ከሰፋ በርሜልና ከከባድ እርሳስ ነው። እርግጥ ከሦስት መቶ ሜትር ወዲያ እርሳሱ ቶሎ ይወርዳል፤ ሩቅ የሚተኩስ ሰው ማግነሙን የሚመኝበት ምክንያት ይህ ነው። ትከሻንም አጥብቆ ይመታል።

ሦስተኛው እንዳለ መተው ነው፤ 7.92ን በራሱ ጥይት። እዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የ1888ቱ የድሮ እርሳስ 8.08 ሚሊሜትር፣ ከ1905 ወዲህ ያለው 8.20 ሚሊሜትር ነውና ወፍራሙ በቀጭኑ በርሜል እንዳይገባ መለየት ያሻል። ቤልጅጎቹ ለወፍራሙ የተሠሩ ናቸው። ለጎጃም ገበሬ፣ ፈቃድ ይዞ ቤቱንና ከብቱን ለሚጠብቅ ሰው፣ ከዚህ የበለጠ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር አላውቅም።

የአክስቴ ልጅ የማውዘሩን ፎቶ ከኮሎራዶ ላከልኝ። ከሱ በፊት የነበረው ባለቤት የማነጣጠሪያ መነጽር ለመግጠም የመዝጊያውን ቤት ከላይ በስቶታል፤ አንደኛው ቀዳዳ በቀጥታ የላይኛው ጥርስ መቀመጫ ላይ አርፏል። ማግነሙንም 9.3ቱንም ተወው፤ ለአደኑ ሌላ ጠመንጃ ገዛ። የአጎቴን ቤልጅግ በተመለከተ፣ ለተዝካር ሊተኩሱበት አስበው ነበር፤ አልተኮሱም። መዝጊያውን ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቀለልሁላቸው፤ እርሳቸው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ጠመንጃው ከዋንዛ ሰደፉ ጋር በዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ከጣሳው ቀለሆች አንዱን ግን ጎረቤት በጠየቃቸው ቁጥር ከሽቦዋ ጋር እያወጡ ያሳያሉ።